አፓኩኪ ውኃውን ማንበብ ሲያቅተው

በናሳቩ ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ የዕለቱን ምንባብ የሚያነበው አፓኩኪ ነበር። አንድ እሑድ ከመቀመጫው ተነሥቶ መነጽሩን ከኪሱ ቢዳብስ የለም፤ ቤት ረስቶታል። ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል። ምን ያድርግ፣ መጽሐፉን እንዲሁ ገለጠው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያለ መነጽር የጉንዳን ሰልፍ የሚመስሉት ፊደሎች ቁልጭ ብለው ታዩት። አንድ ቃል ሳያደናቅፈው አንብቦ ተቀመጠ።

ከጸሎቱ በኋላ ደጃፉ ላይ ሴቶቹ ከበቡት። "ስድሳ ሁለት ዓመቱ እኮ ነው! እንዴት ያለ በረከት ነው?" አሉ። ሚስቱ ኪኒሲሜሬ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "የእኔ ባል ወደ ታች ማደግ ጀምሯል፤ ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ጥርስ ያበቅላል" አለች።

ወንድሟ ሴሩ ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። አማቾች ካልተፎጋገሩ ምኑን አማች ሆኑት? "ኧረ ተዉት! በቃሉ ሸምድዶት ነው። ካላመናችሁኝ መጽሐፉን ዘቅዝቃችሁ ስጡት፤ እንደዚያው ያነበንብላችኋል!"

ሰዉ ሳቀ። አፓኩኪም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። ባለፈው ሐሙስ ያየውን፣ ወይም ያላየውን፣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

አፓኩኪ የመንደሩን ጀልባ ሲነዳ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል። ሴቶቹን ከነምንጣፋቸውና ከነዓሣቸው ሌቩካ ከተማ ገበያ የሚያደርሰው እሱ ነው። በሽተኛም፣ ሙሽራም፣ አስተማሪም፣ ሬሳም አመላልሷል። ናሳቩ ያለችው ከሎማይቪቲ ደሴቶች በአንዷ የምሥራቅ ዳርቻ ሲሆን ከፊት ለፊቷ ያለውን ባሕር ከዳር እስከ ዳር የኮራል ድንጋይ አጥሮታል። መግቢያው አንድ በር ብቻ ነው፤ ወርዱ ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን ቢገቡበት የሚተፋፈጉበት። ሲገቡ ከበሩ ግራ ለምልክት አንድ ግንድ ተተክሏል። የቀረው የነጂው ዓይን ሥራ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ጥልቅ ነው፣ እለፍ፤ አረንጓዴ ከሆነ ቀስ በል፤ ቡናማ ከሆነ ድንጋይ ነው፣ ሽሽ። ይህን "ውኃ ማንበብ" ይሉታል። በሎማይቪቲ ደሴቶች እንደ አፓኩኪ ውኃ የሚያነብ የለም ይባል ነበር።

ያን ሐሙስ ግን ግንዱን ያየው ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ርቀት ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ጉም ነው ብሎ አለፈው። በሚቀጥለው ሳምንትም ጉም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ግንዱ አሁንም የለም።

ቅርቡ እንዲህ ቁልጭ ብሎ ሩቁ እንዴት ይጠፋል? ነገሩ ሊገባው አልቻለም። ቀለሙም ተለወጠበት። ዓለሙን ሁሉ በቀጭን ሻይ ውስጥ የሚያየው ያህል ነበር። አንድ ቀን ሚስቱን፣ "ይህን አረንጓዴ ቀሚስ ከየት አመጣሽው?" ቢላት፣ "የቱን አረንጓዴ?" ብላ ሰማያዊ ቀሚሷን ቁልቁል አየችና የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን የያዘውን የካሳቫ ቅቅል ሳህኑ ላይ መልሶ አኖረ።

ቢናገር ጀልባዋን ይለቃል። ከጀልባዋ ሌላ ምን ያውቃል? ባይናገርስ? ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አስቦት አያውቅም፤ መሐል ላይ ሲደርስ ተነሥቶ መረብ መጠገን ይጀምራል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ፈጽሞ እንደማያይ ስለ ተረዳ የመነሻውን ሰዓት ለወጠ። ፀሐይ ከፍ ካላለች በሩን አያልፍም። "ሞተሩን ጠዋት ጠዋት ያስለዋል" እያለ ሰበብ ይሰጣል።

"ሞተሩን ነው የሚያስለው ወይስ አንተን?" ይለዋል ሴሩ። "እኛ ቤት እንዳንተ ማለዳ መነሣት የሚጠላው ቀበጡ አሳማችን ብቻ ነው።"

አንድ ቀትር ላይ በቆርቆሮ የተሠራችው የጀልባ ማደሪያ ውስጥ ሞተሩን ሲያጸዳ፣ ሚስማር በበሳው የግድግዳ ቀዳዳ ሾልኮ የሚገባ ብርሃን ዓይኑን ወጋው። ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው ወደ ውጭ አየ። ግንዱ! ከበሩ ዳር እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እየሮጠ ደጅ ወጣ፤ ግንዱ የለም። ተመልሶ በቀዳዳው አየ፤ ግንዱ አለ። ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ሦስት ጊዜ ገባ። ጥንቆላ መሰለው። ቢሆንም ከብስኩት ካርቶን ቁራጭ ቀደደ፤ መሐሉን በሚስማር በሳና ከባርኔጣው ክፈፍ ሥር ደበቀው።

ከዚያ ወዲህ በሩ ሲቃረብ ባርኔጣውን ዝቅ ያደርግና ፀሐይ የሚከላከል መስሎ በካርቶኑ ቀዳዳ ያያል። በቁልፍ ቀዳዳ ሰው ቤት እንደ ማየት ነበር፤ ግራና ቀኙ ጨለማ ነው። ቢሆንም ግንዱ ይታያል። አምስት ወር እንዲህ ገባ፣ እንዲህ ወጣ።

ያቺ ክፉ ቀን ማክሰኞ ነበረች። ከሌቩካ ሲመለሱ ዐሥራ አንድ ሰው ተሳፍሯል። አሲናቴ የምትባል የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሐኪም ቤት ስለቆየች ሁሉም እሷን ሲጠብቁ ዘገዩ። ደሴቷን ዞረው ከበሩ ፊት ሲደርሱ ፀሐይዋ ልትጠልቅ አዘቅዝቃ ፊት ለፊታቸው ተደቅናለች። ዝናብ አሁን አባርቷል፤ ባሕሩ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል።

አፓኩኪ ባርኔጣውን ዝቅ አደረገ። በዚህ መሐል ማዕበል ከጎን መጥቶ ፊቱን አጠበው። ካርቶኑ ራሰ፤ ቀዳዳዋ ተጨማደደችና ተደፈነች። አሁን ከፊቱ ያለው ነጭ እሳት ብቻ ነው።

"ወደ ግራ!" አለ ከጀልባዋ ግንባር የተቀመጠው ሴሩ። "ግራ እኮ ነው የምልህ!"

ሴሩ በሩ ላይ ሁልጊዜ ይቀልዳል። "ቀኝ ነው"፣ "ቆመሃል"፣ "ተኝተሃል እንዴ" ማለት ልማዱ ነው። አፓኩኪ ከብርሃኑ መሐል አንድ ጥቁር መስመር ታየው። ጥልቁ ውኃ ይህ ነው ብሎ የሞተሩን እጀታ ወደዚያ አዞረ። የደመና ጥላ ነበር።

"አፓኩኪ!" ድምፁ አሁን የቀልድ አልነበረም።

ከሥራቸው አጥንት የሚሰነጥቅ ድምፅ ተሰማ። ሞተሩ ተስፈንጥሮ ተነሣና ጸጥ አለ። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ ዞረች። አሲናቴ ከጎኑ የአፓኩኪን ሸሚዝ ጨምድዳ ይዛ፣ "አባባ፣ አባባ፣ አባባ" ትላለች፤ አትጮኽም፤ ቀስ ብላ እንደሚጸልይ ሰው ነው የምትለው። ሴሩና አስተማሪው ድንጋዩ ላይ ዘለሉና ጀልባዋን በትከሻቸው ያዟት። ሌሎቹ በመቅዘፊያ ገፏት። ሁለት ማዕበል አለፈ። በሦስተኛው ጀልባዋ ተንሳፈፈችና ወደ ውስጥ ገባች። ከሴሩ ቅልጥም በቀር የተጎዳ የለም፤ እሱንም ኮራሉ እስከ አጥንቱ ልጦታል።

ባሕር ዳር መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። "ማዕበሉ ነው፣ ማዕበሉ ነው" ይላል ሰዉ። "ሌላ ነጂ ቢሆን ሁሉም አልቀው ነበር!" የአሲናቴ እናት መጥታ የአፓኩኪን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። አፓኩኪ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ጀልባዋን ማሰር ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ሴሩ እያነከሰ ጀልባ ማደሪያው ገባና አንድ የራሰ ካርቶን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ።

"ከጀልባዋ ወለል ላይ ነው ያገኘሁት። ምንድን ነው?"

"ካርቶን ነው።"

"ካርቶን መሆኑንማ ላምም ታውቃለች። ቀዳዳው ምንድን ነው?"

ሴሩ ካርቶኑን አንሥቶ የተጨማደደውን ቀዳዳ በጣቱ አቀናና ዓይኑ ላይ አድርጎ በደጃፉ ወደ ባሕሩ አየ። ከዚያ ወደ አፓኩኪ ዞረ።

"አንተ አታይም" አለው።

"ቅርቡን አያለሁ።"

"የእኔ ሚስት ጀልባዋ ውስጥ ነበረች፣ አማቼ።" በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሴሩ ሳይቀልድ ሲያናግረው ይህ የመጀመሪያው ነው። "እኔ አልናገርም። አንተ ነህ የምትናገረው። ዛሬ።"

ከሰዓት በኋላ በመንደሩ ሹም በኦሴያ ቤት ምንጣፍ ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ያንጎና የሚባለው የሥር መጠጥ ተበጥብጦ ጽዋው ዞረ። አፓኩኪ ሲነዳ ከእጁ ጋር የሚያስራትን ቀይ የሞተር ማጥፊያ ገመድ ከመሐላቸው አኖረና፣ "ማዕበሉ አልነበረም" አለ። ሁሉንም ተናገረ፤ ቀዳዳዋንም፣ አምስቱንም ወር። የአሲናቴ ባል ተነሥቶ ምንም ሳይል ወጣ። ቢሰድበው ለአፓኩኪ ይሻለው ነበር።

ኦሴያ ገመዷን አነሣ። "መጀመሪያውኑ ብትነግረን ኖሮ ማን ይጠላህ ነበር?" አለው። "ሐኪም ቤት ሂድና ታይ። ጀልባዋን ሴሩ ይያዛት።"

ሌቩካ ያለችው የዓይን ነርስ ሲስተር ቫሲቲ ትባላለች፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን የሰባኪ የሆነ ሴት። አንድ ዓይኑን ሸፍና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አስነበበችው። ከላይኛው ትልቅ ፊደል በቀር ሁሉም ጭስ ነው። ከዚያ ብዙ ቀዳዳ ያላት ጥቁር ፕላስቲክ ዓይኑ ላይ አስያዘችውና፣ "አሁንስ?" አለችው። ሦስት መስመር ወርዶ አነበበ። አፓኩኪ ክው አለ። "ይህንን እኔ በብስኩት ካርቶን ሠርቼዋለሁ" አላት።

"ምን ሲያደርጉበት?"

"ጀልባ ስነዳበት።"

ሲስተር ቫሲቲ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ለመቆጣት አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን አየችና ተወችው።

"ይስሙኝ አባባ። ብርሃን ዓይንዎ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህ ጥርት ያለው የፊቱ ሽፋን ነው። ብርሃኑን አጥፎ ወደ አንድ የሚሰበስበው፣ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ከዚያ በብሌኑ ይገባል። ብሌን ማለት ቀዳዳ ነው፤ ፀሐይ ሲበዛ ይጠባል፣ ሲጨልም ይሰፋል። ከብሌኑ ኋላ ሌንስ አለ። ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ሲኮማተር ሌንሱ ይወፍራል፣ ቅርቡን ያያሉ። ጡንቻው ሲላላ ሌንሱ ይሳሳል፣ ሩቁን ያያሉ። ብርሃኑ ተሰብስቦ ማረፍ ያለበት ከዓይንዎ ጀርባ ያለው መጋረጃ ላይ ነው፤ እዚያ ካረፈ ነው ነገር ጥርት ብሎ የሚታየው።"

"የእኔስ የት ነው የሚያርፈው?"

"ሌንስዎ በዕድሜ ደንድኗል፤ ሞራ ሆኗል። ብርሃኑን ከልክ በላይ ያጥፈዋል። ስለዚህ የሩቁ ነገር ብርሃን መጋረጃው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይሰበሰባል።"

"መልሕቁ መሬት ሳይነካ ገመዱ አለቀ በይኛ።"

"እንደሱ ነው። የቅርቡ ግን ልክ መጋረጃው ላይ ያርፋል። ያለ መነጽር ማንበብ የጀመሩት ለዚህ ነው። ሰው ዓይኑ የታደሰ ይመስለዋል፤ ሞራው ግን እየባሰበት ነው። ቀለሙን ቡናማ ያደረገውም እሱ ነው።"

"ቀዳዳዋስ? ጥንቆላ መስላኝ ነበር።"

ሳቀች። "ጠባብ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ነው የምታሳልፈው። እሱ መታጠፍ ብዙም አያስፈልገውም። እንዲያውም ደስ ይበልዎ፤ በቀዳዳ ማየትዎ መጋረጃው ጤነኛ መሆኑን ይጠቁማል። ዋና ከተማችን ሱቫ ሄደው ሌንሱን ያስቀይራሉ።"

"ያስቀይራሉ" የሚለው ቃል ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ምግብ ነሣው። የመንደሩ ሰው ሁሉ የሰማውን ይነግረዋል፤ ዓይኑን አውጥተው ጉንጩ ላይ ያስቀምጡታል ያለም አለ። ሴሩ፣ "አጥበው ሲመልሱት እንዳይገለብጡት ንገራቸው፤ የራስህን አንጎል ስታይ እንዳትደነግጥ!" አለው። አፓኩኪ ግን መሳቅ አልሆነለትም።

ሱቫ ሆስፒታል የዓይኑን ርዝመት በማሽን ለኩት። የምትለካው ወጣት ሐኪም እርጋታ ነበራት። "የምንተክለው ሌንስ ፕላስቲክ ነው" አለች። "እንደ ልጅነት ሌንስዎ አይወፍርም፣ አይሳሳም፤ አንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው የሚያነጣጥረው። ሩቁን ይመርጣሉ ወይስ ቅርቡን? ለቀረው መነጽር ያደርጋሉ።"

"ቅርቡን" አለች ኪኒሲሜሬ፣ እሱ ገና አፉን ሳይከፍት።

ሐኪሟ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ "ተመካክራችሁ ነገ ንገሩኝ" ብላ ወጣች።

ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኪኒሲሜሬ የቀዘቀዘ ካሳቫ አውጥታ ሰጠችው፤ አልበላም።

"ለምን እንደዚያ አልሽ?"

"ሩቁን ካየህ ባሕር ትገባለሃ። ያን ማክሰኞ ባሕር ዳር ቆሜ ነበር። አንተ አላየኸኝም። እኔ ግን ጀልባዋ ስትዞር አይቻታለሁ። እስካሁንም ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ትዞራለች።"

አፓኩኪ፣ "አሁን ወንድምሽ ነው የሚነዳው" አላት። "ሴሩ ጎበዝ ነው፤ ውኃ ማንበብ ግን አያውቅም። እኔ ነኝ ያላስተማርኩት። በመጣ በሄደ ቁጥር በማን ዓይን ነው በሩን የሚያልፈው?"

ካሳቫውን ከእጁ ወሰደችና ጠቅልላ ከረጢቷ ውስጥ ከተተችው። "እሺ፣ ሩቁን በላቸው" አለች። "ነገር ግን ሁለቱም ዓይንህ ሳይድን ያንን እጀታ ብትነካ፣ ሞተሩን ፈትቼ ባሕር የምከተው እኔ ነኝ። ሰማኸኝ?"

"ሰማሁ።"

ቀዶ ጥገናው ቀኝ ዓይኑ ላይ ነበር። ዓይኑ ደንዝዟል እንጂ እሱ አልተኛም። ፊቱን ጨርቅ ሸፈኑት፤ ከላይ ብርሃን አለ። የፈራው ቢላዋውን ሳይሆን ማሳሉን ነው፤ ጉሮሮውን ያሳክከው ጀመር። "ማሳል ከመጣብዎት እጄን ይጫኑ" አለችው አንዲት ነርስ እጁን ይዛ። እጇን እንደ ጀልባ ገመድ ጨመቀው። ትንሽ መሣሪያ ጥዝ ስትል ይሰማዋል። ቡናማው ብርሃን ተሰነጠቀ፤ ተቆራረጠ፤ ጠፋ። ለጥቂት ጊዜ ባሕር ሥር ዓይኑን የገለጠ ያህል ሁሉም ነገር ቅርጽ አልባ ሆነ። "አሁን አዲሱ እየገባ ነው፤ ተጣጥፎ ነው የሚገባው" አለች ሐኪሟ። ብርሃኑ እየተሰበሰበ ሲመጣ ታወቀው።

በማግስቱ ማሸጊያው ሲነሣለት በመስኮቱ የሱቫን ወሽመጥ አየ። ሰማያዊ ነበር። እንዲህ ያለ ሰማያዊ መኖሩን ረስቶታል። አዲሱን ዓይን ጨፍኖ በግራው ሲያይ ወሽመጡ የጭቃ ኩሬ ሆነ። እንደገና በቀኙ፤ ሰማያዊ። እንደገና በግራው፤ ጭቃ። ደስ ሊለው ሲገባ ፍርሃት ያዘው። ዐሥራ አንድ ሰው ጭኖ የነዳው በዚህ በግራው ዓይነት ዓይን ነው። ምን ያህል እንዳላየ ገና ዛሬ አየ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ፤ ኪኒሲሜሬ "ዓይንህን አትንካ፣ ተብለሃል!" እስክትለው ድረስ አላነሣውም።

ሲመለሱ ከሌቩካ የጫናቸው ሴሩ ነው። አፓኩኪ ከጀልባዋ ግንባር ተቀመጠ። በሩ ሲቃረብ ሴሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

"እሺ አንተ የከተማ ሰው፣ ምን ይታይሃል?"

"ከፊትህ አረንጓዴ ነው። ቀስ በል። ከግራህ ቡናማ ምላስ ወጥቷል፤ ወደ ቀኝ ትንሽ... ትንሽ ነው ያልኩህ! አሁን ሰማያዊው ቀጥታ ነው። ሂድ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

አፓኩኪ ስለ ቀለሙ እርግጠኛ ነበር። በአንድ ዓይን ርቀቱን መለካት ግን አስቸገረው፤ ድንጋዩ አንዴ የቀረበ፣ አንዴ የራቀ ይመስለዋል። ውስጥ ገብተው ውኃው ጸጥ ሲል ሴሩ ትንፋሹን ለቀቀ። "ቆይ ግን፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለውን ነገር እያየህ ነበር እኛን ዝም ብለህ የምትነዳን?" አለው።

ባሕር ዳር ኦሴያ ቀይዋን ገመድ ይዞ ጠበቀው። አፓኩኪ አልተቀበለም። "ግራው ይቀራል" አለ። ኪኒሲሜሬ ዕቃዋን አንሥታ ወደ ቤት ሄደች።

አራት ወር ሙሉ ከግንባሩ ተቀምጦ የውኃውን ቀለም ሲናገር፣ ሴሩንም ውኃ ማንበብ ሲያስተምር ቆየ። ግራ ዓይኑም ተሠራለት። ገመዷን የተረከበ ዕለት ከተሳፋሪዎቹ መካከል የአሲናቴ ባል ነበር። ከሹሙ ቤት ተነሥቶ ከወጣ ወዲህ አነጋግሮት አያውቅም። ጀልባዋ አጠገብ ቆሞ አመነታ። ከዚያ የሦስት ወር ልጁን ከአሲናቴ ተቀብሎ ወጣና ከአፓኩኪ አጠገብ፣ ከኋላ ተቀመጠ። "ቀስ ብለህ ንዳ" አለው።

አፓኩኪ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ነዳ። ከበሩ ድንጋይ ጋር ዳግም አልተነካካም። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም፤ እሱም እንዲለቀው አልፈለገም። በየዓመቱ ማንም ሳይጠራው ሌቩካ ይሄድና ከሲስተር ቫሲቲ ደጃፍ ወረፋ ይይዛል። ሰሌዳውን አስቀድሞ በቃሉ እንዳይዝ ወለሉን እያየ ይቀመጣል። ስሙን የሚጠራው ድምፅ እስኪሰማ እጆቹን ጉልበቱ መሐል ጨምቆ ይጠብቃል፤ "አባባ አፓኩኪ!" ስትለው ተነሥቶ ይገባል።